ማታ ማታ የሚቆረጠው እንጨት

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማቶችና ስለ ዝምታ ናቸው። የዛሬው ግን ስለ እንጨት ነው። የጻፈችልን እህት የሮቤ ነዋሪ ናት። ባሌ ሮቤን የምታውቁ እንዳትሳሳቱ፤ ይህኛው ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ያለው፣ በስንዴና በገብስ የምናውቀው አርሲ ሮቤ ነው።

ባለቤቷ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ በርና መስኮት፣ አልጋና አግዳሚ ወንበር ይሠራል። የአጥቢያቸው ሽማግሌዎች የጌታ እራት ጠረጴዛ እንዲሠራላቸው ጠየቁት። እሱም አንድም ሚስማር ሳይገባበት፣ በእጅ በተቆረጠ ማጋጠሚያ ብቻ ሠርቶ እንደሚያስረክብ ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጓሮ ተቀምጦ ሁለት ቁራጭ እንጨት ይቆርጣል፣ ያጋጥማል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ ይለያያል፣ ይጥላል። ከዚያ ሌላ ሁለት ቁራጭ ያነሣል። ጠረጴዛው እስካሁን አልተጀመረም። እንጨቱ የሚገዛው ደግሞ ከቤት ወጪ ነው። እህታችን የጠየቀችን ሦስት ነገር ነው፤ ይህ ሙያን ማሻሻል ነው ወይስ እልህ? ለጌታ ቤት ስለ ሆነ ዝም ማለት አለብኝ ወይ? የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን አጠገቡ እየተቀመጠ መሮ መያዝ ጀምሯልና አልከልክለውም ወይ?

እህቴ፣ አስቀድሜ ስለ እንጨቱ ልንገርሽ። ስለ ቤታችሁ የምለው ከዚያ ስለሚነሣ ትንሽ ታገሺኝ።

እንጨት ከተሰነጠቀና ከተላገ በኋላም አርፎ አይቀመጥም። በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል። ይህን የሚያደርገው በጎኑ ነው፤ በርዝመቱ፣ ማለትም በጅማቱ አቅጣጫ የሚያሳየው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው። የአርሲ ደጋ ክረምት ምን ያህል እርጥብ፣ በጋው ምን ያህል ደረቅ እንደ ሆነ ለሮቤ ሰው አልነግርም። ገና ሳይደርቅ ተላግቶ በሚስማር የተመታ የባሕር ዛፍ ጠረጴዛ ብዙ ሳይቆይ መወዛወዝ የሚጀምረው ለዚህ ነው። እንጨቱ ሲሰበሰብ ሚስማሩ አብሮ አይሰበሰብም፤ ቀዳዳው ይላላል፣ ዝገትም ይጨመርበታል። ከዚያ ሰውየው ሌላ ሚስማር ይመታበታል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በየቤታችን አለ።

በደንብ የተቆረጠ ማጋጠሚያ ግን እንጨትን በእንጨት ይይዘዋል። ዋነኛው አናጺዎች ወንዴና ሴቴ የሚሉት ነው። በአንዱ እንጨት ጫፍ ላይ ምላስ ይወጣለታል፤ በሌላው ላይ ምላሱን የሚቀበል ጉድጓድ በመሮ ይፈለፈላል። የምላሱ ውፍረት ብዙውን ጊዜ የእንጨቱ ውፍረት ሲሦ ነው። ከምላሱ ግራና ቀኝ የሚቀረው ትከሻ ከሌላው እንጨት ጋር ገጥሞ ስለሚቆም፣ እግሩ ሲገፋ የሚገፋውን ኃይል ይቀበላል። (የባለትዳሮች መጽሔት ስለ ሆነ ከዚህ ስም ስብከት የሚጠብቅ አይጠፋም። እኔ አላወጣም፤ በሠርግ ላይ በቂ ሰምተናል።)

«ታዲያ ሚስማር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ካለ ዘጸአት 26ን ያንብብ። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ በፍጥነት የምናልፈው ነው። የማደሪያው ድንኳን ሳንቃዎች ከግራር እንጨት የተሠሩ ነበሩ። በደቡብ ሃያ፣ በሰሜን ሃያ፣ በምዕራብ ስምንት፣ በድምሩ 48 ናቸው። እያንዳንዱ ሳንቃ ቁመቱ አሥር ክንድ ሲሆን ከበታቹ ሁለት ሁለት ምላስ ነበረው፤ እነዚህ 96 ምላሶች በ96 የብር እግሮች ውስጥ ይገቡ ነበር። ዕብራይስጡ እያንዳንዱን ምላስ «ያድ» ይለዋል፤ እጅ ማለት ነው፣ ከግዕዙ «እድ» ጋር ዘመድ ነው። ሳንቃው በሁለት እጁ መሠረቱን ጨብጦ ይቆማል ማለት ነው። ድንኳኑ በየጉዞው ይፈታ፣ ይጫን፣ እንደገና ይተከል እንደ ነበር አስቡ። በሚስማር የተመታ ነገር እንዲህ በየጊዜው ሲፈታና ሲተከል አይበረክትም። 96ቱ ምላሶች ደግሞ ትንሽ ቢዛነፉ ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን አይገጥሙም። ባስልኤልና ኤልያብ ከረዳቶቻቸው ጋር ይህን የሠሩት በእጅ ነው።

ጌታችንም በናዝሬት ጸራቢ ነበር (ማርቆስ 6፥3)። በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ዮስጢኖስ ሰማዕት ከትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር ላይ ኢየሱስ ማረሻና ቀንበር ይሠራ እንደ ነበር ጽፏል። ዮስጢኖስ የተወለደው በሰማርያ ምድር ስለ ሆነ የአገሩን የጸራቢ ሥራ ያውቃል። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአርሲ ገበሬ ነው። ኮምባይነር በየመኸሩ በሚገባበት በዚያ የስንዴ አገር እንኳን በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን የሚያገናኘው በሚስማር አይደለም። በተጠረበ እንጨት፣ በወገልና በጠፍር ነው። ቀን ሙሉ ድንጋይ እየመታ የሚውል ዕቃ በሚስማር ቢሠራ ከቀትር አያልፍም ነበር።

ለአገራችን ማጋጠም አዲስ ነገር አይደለም። በደብረ ዳሞ ገዳም ግድግዳ ላይ አግድም የተዘረጉትን እንጨቶች የሚያቆራርጧቸውና ጫፋቸው ወደ ውጭ የወጣው፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እንጨቶች ግድግዳውን አስረው የያዙ ናቸው። የአክሱም ሐውልቶችን የቀረጹት ሰዎች ይህንኑ የእንጨት አሠራር በድንጋይ ላይ ቀርጸውታል። እንጨቱን አሳምረው የሚያጋጥሙ ሰዎች ስለ ነበሩ ድንጋይ ጠራቢው የሚያየው ናሙና ነበረው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ጠረጴዛ ሳይሠሩ ማጋጠሚያ ብቻ እየቆረጡ መጣል ሙያ ነው ወይስ ብክነት?

በዚህ ጉዳይ ላይ የዛሬ መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ ትልቅ ክርክር ነበር። በሞስኮ ቪክቶር ዴላ ቮስ የሚባል የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1868 አንድ ዘዴ ጀመረ። ተማሪዎቹ ወንበርና ሣጥን ከመሥራታቸው በፊት መጋዝ አያያዝን፣ ቀጥሎ መላግን፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ ማጋጠሚያዎችን ብቻ ይለማመዱ ነበር። የሚሠሩት ቁራጭ ለምንም አያገለግልም፤ ለመታየትና ለመታረም ብቻ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ በተደረገው ዐውደ ርእይ ላይ ሲታይ አሜሪካውያን አስተማሪዎች ተደንቀው ወደ ራሳቸው ትምህርት ቤቶች ወሰዱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀማሪ ሙሉ ወንበር ሲሠራ ስሕተቱ በሃያ ቦታ ተበታትኖ ይጠፋበታል፤ አንድ ማጋጠሚያ ብቻ ሲሠራ ግን ስሕተቱ ፊት ለፊት ይቆማል።

በስዊድን ደግሞ ኔስ በምትባል ስፍራ ኦቶ ሳሎሞን የተባለ ሰው ተቃራኒውን አስተማረ። የእሱ ትምህርት ስሎይድ ይባላል። ሳሎሞን ልጅ እንጨት ከቆረጠ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቤት የሚጠቅም ነገር ይቁረጥ አለ። ከቀላል ወደ ከባድ እየሄደ ማንኪያ፣ መክተፊያ፣ መደርደሪያ ይሥራ፣ ሠርቶም ለእናቱ ይውሰድ። ለሚጣል ነገር የሚደክም ልጅ ሥራን ያቃልላል፤ የሚጠቅም ነገር የሠራ ልጅ ግን ሥራንና ሠራተኛን ያከብራል ብሎ ያምን ነበር። ሳሎሞን እ.ኤ.አ. በ1907 እስኪሞት ድረስ ከብዙ አገር የሚመጡ መምህራን እሱ ዘንድ ሠልጥነዋል።

ስዊድናውያንን አርሲ ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ፣ ማለትም የጭላሎው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ አሰላ ላይ የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ እየሠራ ይሞክር ነበር፤ በኋላም አርዱ ተብሎ ወደ መላው አርሲ ሰፋ። ስሎይድን ይዘው መጡ ማለቴ አይደለም። ግን ለገበሬው ቤት በሚጠቅም ዕቃ ላይ መድከም ለአካባቢው እንግዳ ሐሳብ አይደለም ለማለት ነው።

እኔ የትኛውን እመርጣለሁ? ለባለቤትሽ ሁለቱንም፣ በተራ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞስኮው ይሁኑ። ጥሩ ማጋጠሚያ ለመቁረጥ መጥፎዎቹን ቆርጦ ማለፍ ግድ ነው፤ መጥፎዎቹ ደግሞ በጌታ እራት ጠረጴዛ እግር ላይ ከሚወጡ ጓሮ ውስጥ ቢወጡ ይሻላል። ስለዚህ ባለቤትሽ የጀመረው ነገር እልህ አይደለም፣ ትክክለኛ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ መጨረሻ የሌለው ልምምድ ወደ እልህ ይለወጣል። ከአንድ ወር በኋላ ወደ ስዊድኑ መሻገር አለበት። ያም ማለት የሚቆረጠው ሁሉ ወደ ቤት ይገባል እንጂ ወደ ምድጃ አይገባም።

ወንድሜ፣ ይህ ክፍል ለአንተ ነው፤ እህታችን ታነብልህ።

እ.ኤ.አ. በ1993 አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በበርሊን ቫዮሊን የሚማሩ ወጣቶችን አጥንቶ ነበር። እጅግ የላቁት ተማሪዎች ብቻቸውን ሆነው ብዙ ሰዓት የተለማመዱት ነበሩ፤ ግን ሲለማመዱ በአንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት አይቀመጡም፣ በመካከል ያርፉ ነበር። ኤሪክሰን ደጋግሞ ያስተማረው መደጋገም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ የሚታረም አንድ የታወቀ ጉድለት መኖር አለበት፣ ውጤቱም ወዲያው መታየት አለበት። ማጋጠሚያ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ተጋጥሞ ወደ ብርሃን ሲነሣ ክፍተቱ ወዲያው ይናገራል፤ መምህር አያስፈልገውም።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ማታ፣ በአንድ ማታ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ክንድ ይደክማል፣ መጋዙ ይንጋደዳል፣ የምትለማመደውም ስሕተቱን ይሆናል።

መጀመሪያ መሮህን ሳል። ስለ ዶለዶመ ብረት መክብብ 10፥10 የሚለውን ታውቃለህ። የደነዘ መሮ የእንጨቱን ጅማት ይደፈጥጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሰውም ጥፋቱን በእጁ ላይ ያደርጋል። የመሮው ስለት በሠላሳ ዲግሪ ገደማ ይሳል። የተሳለ መሆኑን ለማወቅ በለስላሳ እንጨት ጫፍ ላይ ግፋው፤ ንጹሕና የሚያንጸባርቅ ገጽታ ከተወ ደርሷል፤ ዱቄት ካወጣ ወደ ድንጋዩ መልሰው።

መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በስኳድራና በተሳለ ሰንጢ አውጣ። የእርሳስ መስመር ውፍረት ስላለው ከየት በኩል እንደምትቆርጥ አይነግርህም። የሰንጢ ጭረት ግን መሮው የሚገባበት ትንሽ ቦይ ነው። መጋዙ ሁልጊዜ በሚጣለው በኩል ይሂድ፤ ጭረቱ ከሚቀረው እንጨት ጋር ይቅር። ማጋጠሚያ የሚላላው ብዙ ጊዜ መስመሩ ራሱ በመጋዝ ስለሚበላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ በግማሽ የሚባለውን ብቻ ቁረጥ፤ ሁለት እንጨቶች የውፍረታቸውን እኩሌታ አጥተው መስቀለኛ የሚገቡበት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወንዴና ሴቴውን። የእርግብ ጅራቱን፣ ለመሳቢያና ለሣጥን ማዕዘን የሚሆነውን፣ ለአራተኛው አቆየው። የጅራቱ ዘንበል ማለት ለለስላሳ እንጨት አንድ ለስድስት፣ ለጠንካራ አንድ ለስምንት ነው፤ ከዚህ በላይ ካዘነበለ ማዕዘኑ ይሰበራል። ልጅም አዋቂም የሚቸኩለው ወደዚህኛው ነው፣ ለዓይን ስለሚያምር። ጠረጴዛህን የሚያቆመው ግን ወንዴና ሴቴው ነው።

ከተጋጠመ በኋላ እንዲህ ፈትነው። ምላሱ በእጅ ግፊት እስከ እኩሌታው ከገባና የቀረውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለህ ካስገባኸው ጥሩ ነው። በኃይል ካልተመታ የማይገባ ከሆነ ሴቴውን ይሰነጥቃል። ያለ ድምፅ ከገባ ልል ነው፤ ኮላ ያድነዋል ብለህ አትታለል። ትከሻው በአንድ በኩል ብቻ ክፍተት ካሳየ መጋዝህ አዘንብሏል፤ በቀጣዩ ሙከራ የምታርመው እሱን ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል ገጥሞ መካከሉ ላይ ከቆመ ጉድጓዱ ወይ ጥልቀት አንሶታል ወይም ፍርፋሪ ቀርቶበታል።

እህታችንን ያስጨነቀው የእንጨቱ ወጪ ነውና አንድ ሜትር ቁራጭ እንዴት እንደሚበቃ ልንገርህ። ለሁለት ከፍለህ አንዱን ለወንዴ፣ አንዱን ለሴቴ አድርግ። አንድ ሙከራ ከየአንዳንዱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይበላል፤ ጫፉን ቆርጠህ ከዚያው እንጨት ላይ ትቀጥላለህ። እንጨቱ ለመያዝ እስኪያጥር ድረስ ስምንት ሙከራ ይወጣዋል። ለየሙከራው አዲስ ጣውላ አይነሣም። የፈረንጅ ጥድ ቁርጥራጭ ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ስለታም መሮን ይወዳል። ከምትሠራበት ቤት የሚጣለውን ቁርጥራጭ ባለቤቱን አስፈቅደህ መውሰድ ትችላለህ፤ ሳይጠየቅ የተወሰደ ግን ለጌታ ጠረጴዛ አይሆንም። ዋንዛን ለልምምድ አትንካ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ጥበቃ ከተደረገላቸው ዛፎች መካከል ነበሩ፤ ያም የሆነው እያለቁ ስለ ነበር ነው። ለጠረጴዛው ዋንዛ የሚገዛ ከሆነ ከየት እንደ መጣ ይጠየቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ቤትህ ማሰሪያ ብረት ከሌለው ምላሱን በእንጨት ችንካር አጥብቀው። ሴቴውን ቀድመህ ብሳው፤ ምላሱን አስገብተህ ቀዳዳው የሚያርፍበትን ምልክት አድርግ፤ ምላሱን አውጥተህ ከምልክቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ትከሻው አስጠግተህ ብሳው። ከደረቀ ወይራ የተጠረበ ጫፉ ሾጣጣ ችንካር ሲገባ ሁለቱን ቀዳዳዎች ሊያስተካክል ሲል ትከሻውን አጥብቆ ይስበዋል። እንዲህ የታሰረ እግር ኮላውም ቢለቅ አይላቀቅም። የጠረጴዛውን ፊት ግን በኮላ ከክፈፉ ጋር ሙሉ በሙሉ አታጣብቀው። ሰፊ ጣውላ በክረምት ይሰፋል፤ መንቀሳቀሻ ካላገኘ መካከሉን ይሰነጥቃል።

አሁን ስለ ሁለታችሁ። እህቴ፣ ለጌታ ቤት ስለ ሆነ ዝም ማለት አለብኝ ወይ ላልሽው፣ የለብሽም። በ2ኛ ነገሥት 12 በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን የጌታን ቤት ለሚያድሱት ጸራቢዎችና ግንበኞች ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ እንጨቱና ጥርብ ድንጋዩም የሚገዛው ለቤቱ ከተሰበሰበው ገንዘብ ነበር። ከጸራቢው ሚስት ጓዳ የወጣ አልነበረም። ባለቤትሽ ጉልበቱን በነጻ ልስጥ ካለ መልካም ስጦታ ነው፤ እሱም ከአንቺ ጋር ተነጋግሮ የሚሰጠው ነው። የእንጨቱን ዋጋ ግን አጥቢያው ይሸፍን። ሽማግሌዎቻችን ባለሙያ ምእመን ሲያገኙ ሥራውን ጠይቀው የዕቃውን ወጪ መጠየቅ የሚረሱበት ልማድ አለን፤ በየዋህነት የሚደረግ ነው፣ ቤት ግን ያናጋል። ወንድማችን ያፍር ይሆናል። የእንጨቱን ዝርዝርና የሚያስረክብበትን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፎ ለሽማግሌዎቹ ይስጥ፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ልመና አይመስልም። ቀኑ ሲወሰንም ልምምዱ ድንበር ያገኛል።

ለልምምድ የሚወጣውን ደግሞ ሁለታችሁ በወሩ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። ጥቂት ቢሆንም የታወቀ ይሁን። ሦስቱን ማታዎችም ምረጡ። የቤት ጸሎታችሁና የሰፈር ኅብረታችሁ ያለበት ማታ ከእነዚህ ውጭ ይሁን። ቀሪዎቹ ማታዎች የመጋዝ ድምፅ የማይሰማባቸው ናቸው፤ ይህን እሱ ይጠብቅ። በሦስቱ ማታ ደግሞ አንቺ ጓሮ ወጥተሽ «እስካሁን?» አትበይው። ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ እንደምትይው አልጻፍሽም፣ ግን ሳትይው አልቀረሽም ብዬ ነው።

አምስተኛው ሳምንት ሲደርስ የመጀመሪያውን የቤት ዕቃ የምታዢው አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን ረከቦት አዝዝ ነበር። ረከቦት ሣጥን ነው፤ አራት ማዕዘን አለው፣ አራቱም በእርግብ ጅራት ሊቆረጥ ይችላል፣ እግሮቹም በወንዴና ሴቴ ይገባሉ። የጌታ እራቱ ጠረጴዛ የሚፈልገው ማጋጠሚያ ሁሉ በትንሹ እሱ ላይ አለ። አንድ ማዕዘኑ ክፍተት ቢያሳይ ጉባኤ አያየውም፣ ቡናውም አይፈስም። ረከቦቱ ሳይወዛወዝ ከቆመ ጠረጴዛውን ለመጀመር ጊዜው ነው። ደግሞም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጥቶ «ይህን የት ገዛችሁት?» ማለቱ አይቀርም። በኤምዲኤፍና በቺፕውድ በተሞላ ገበያ፣ ውኃ ሲነካው እንደ እነሱ በማያብጥ እንጨት፣ ሚስማር ሳይገባበት የሚሠራ ሰው የራሱን ደንበኛ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከራሱ ሳሎን ነው። ይህ ለመቀጠሩም ለወደፊት ሐሳቡም ይጠቅመዋል።

ልጁን አትከልክዪው። ባስልኤልና ኤልያብ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሌሎችን የማስተማርም ጸጋ እንደ ተሰጣቸው ዘጸአት 35፥34 ይናገራል፤ አባትና ልጅ ጓሮ ውስጥ ተቀምጠው አንድ ክፍተት ሲመረምሩ ያ ጸጋ እየሠራ ነው። ሕጉ ግን ጥብቅ ይሁን። እንጨቱ በሞርሳ ወይም በማሰሪያ ሳይያዝ መሮ አይነሣም። ሁለቱም እጆች ሁልጊዜ ከስለቱ በስተ ኋላ ይሁኑ፤ እንጨቱን በግራ እጅ ይዞ በቀኝ መግፋት፣ አዋቂም ቢሆን የተከለከለ ነው። መሮው የተሳለ ይሁን፤ የደነዘውን ለልጅ መስጠት ደኅንነት ይመስላል እንጂ፣ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ የሚያዳልጠው እሱ ነው። በሳሎሞን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሥራ በቢላ ብቻ የምትጠረብ ቀጭን መጠቆሚያ ነበረች። ልጃችሁም ከዚያ ይጀምር፣ ቀጥሎ በፈረንጅ ጥድ ላይ ግማሽ በግማሹን ይሞክር። አባቱ የመጀመሪያዋን ማጋጠሚያ፣ ክፍተቷ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ምድጃ ውስጥ አይጣላት። ጀርባዋ ላይ ቀኑን ጽፎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣት፤ የራሱንም የመጀመሪያ ከአጠገቧ።